የአየር ጠመንጃ ጥይትን ለአፈሙዙ መምረጥና ማዘጋጀት

በአየር ጠመንጃ የወረቀት ኢላማ የሚመታ ሰው ምቶቹ ሲበታተኑበት በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ማነጣጠሪያውን ወይም የራሱን እጅ ነው፤ ቀጥሎም ገንዘብ አውጥቶ የተሻለ ቴሌስኮፕ ይገዛል ወይም ቃታውን ያስተካክላል። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሽ የሆነው የእርሳስ ጥይት ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። ጠመንጃው ሳይነካ ጥይቱ ብቻ ተቀይሮ የምቶቹ ስብስብ በግልጽ ሲጠብ ማየት ያልተለመደ ነገር አይደለም። ሥራው ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ጥይቱን መምረጥ ሲሆን ሁለተኛው የተመረጠውን ማዘጋጀት ነው። ሁለቱ እኩል ዋጋ የላቸውም። ዋናው ውጤት የሚገኘው ከምርጫው ነው፤ ማጠብ፣ መመዘንና መለካት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ በ10 ሜትር ርቀት ለሚተኩስ ሰው ደግሞ አንዳንዶቹ ከሚወስዱት ጊዜ ጋር የሚመጣጠን ጥቅም አይሰጡም።

ምርጫው ይህን ያህል የሚከብድበትን ምክንያት ለመረዳት የጥይቱን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የአየር ጠመንጃ ጥይት ከፊት ራስ፣ ከመሐል ቀጭን ወገብ፣ ከኋላ ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነና ጠርዙ የሳሳ ከንፈር አለው። ቃታው ሲሳብ የታመቀው አየር ባዶውን የኋላ ክፍል ሞልቶ ከንፈሩን ወደ ውጭ ይለጥጠዋል፤ ከንፈሩም ከአፈሙዙ የውስጥ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አየሩ እንዳያመልጥ ይደፍናል። ራሱ ደግሞ በአፈሙዙ ውስጥ ባሉት ጠመዝማዛ ቦዮች መካከል ከፍ ብለው በሚታዩት መስመሮች ላይ እየተንሸራተተ ጥይቱን በቀጥታ ይመራል። የራሱ ስፋት ከአፈሙዙ ካነሰ ጥይቱ በጉዞው ላይ በትንሹ ያዘነብላል፤ ከንፈሩ የተቀጠቀጠ ከሆነ ደግሞ ከአፈሙዙ ጫፍ በሚወጣበት ቅጽበት አየሩ ከአንዱ ጎን ቀድሞ ስለሚያመልጥ ጥይቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። አፈሙዞች ሲሠሩ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ልዩነት ስለሚኖራቸው ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ሞዴላቸውም አንድ የሆነ ሁለት ጠመንጃዎች የተለያየ ጥይት ሊወዱ ይችላሉ። ስለዚህ «ከሁሉ የሚበልጠው ጥይት የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ፣ የጠያቂው አፈሙዝ እስካልተፈተነ ድረስ፣ ሐቀኛ መልስ መስጠት አይቻልም።

ይህ ማለት ግን ምርጫው በጭፍን ይጀመራል ማለት አይደለም። የጥይቱ ራስ ቅርጽ መጀመሪያ ይታያል። ራሱ ጠፍጣፋ የሆነው ጥይት ወረቀቱን በክብ ጠርዙ ቆርጦ ንጹሕ ቀዳዳ ስለሚተው ለ10 ሜትር የወረቀት ኢላማ የሚመረጠው እርሱ ነው፤ የኦሊምፒክ ተኳሾችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጠፍጣፋው ራስ አየሩን በብርቱ ስለሚጋፋ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል፤ ርቀቱ ከ25 ሜትር ባለፈ ቁጥርም ስብስቡ ይበታተናል። ለእንዲህ ያለው ርቀት ራሱ እንደ ጉልላት የከበበው ጥይት ይሻላል፤ አየሩን በቀላሉ ስለሚሰነጥቅ ፍጥነቱን ይጠብቃል፣ ንፋስም ያን ያህል አይገፋውም። ጫፉ የሾለውና ራሱ የተቦረቦረው ጥይት በሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓይን ይስባሉ፤ ነገር ግን የሾለ ጫፍን ከጥይቱ መሐል ጋር ፍጹም አስተካክሎ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ትክክለኛ ምትን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሁለቱንም መዝለሉ ጊዜ ይቆጥብለታል።

ክብደት ከጠመንጃው ኃይል ጋር ተያይዞ ይታሰባል። በ4.5 ሚሊሜትር ካሊበር (የአፈሙዝ የውስጥ ስፋት) ለውድድር የሚሠሩት ጠፍጣፋ ጥይቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ0.45 እስከ 0.53 ግራም ይመዝናሉ፤ ቀለል ያሉት ለሽጉጥ፣ ከበድ ያሉት ለጠመንጃ ይታሰባሉ። የ10 ሜትር የውድድር ጠመንጃ ጥይቱን በሴኮንድ 170 ሜትር አካባቢ በሆነ ፍጥነት ይተኩሳል። በሌላ በኩል የቼኩ የጥይት ፋብሪካ ጄ.ኤስ.ቢ የሚያመርተው 0.547 ግራም የሚመዝን ባለ ጉልላት ጥይት፣ በእንግሊዝ ያለ ልዩ ፈቃድ ሊያዝ የሚችለው ጠመንጃ በሚሰጠው ከፍተኛ ኃይል፣ ማለትም በ16.27 ጁል ገደማ፣ ሲተኮስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 244 ሜትር ያህል ይሆናል። በጀርመን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሸጠው ጠመንጃ ከ7.5 ጁል ስለማይበልጥ ከባድ ጥይት በዚያ ጠመንጃ ቀርፋፋ ይሆናል። (በአውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች ሕጉ ከአገር አገር እንደሚለያይ አትርሱ፤ በስኮትላንድ ለምሳሌ ከ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የአየር ጠመንጃ ለመያዝ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል።)

ከፍተኛ ኃይል ያለው ጠመንጃ የያዘ ሰው ደግሞ ከተቃራኒው ስህተት መጠንቀቅ አለበት። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የአየር ጠመንጃ ጥይት ወደዚህ ፍጥነት ሲጠጋ በዙሪያው የሚፈጠረው የአየር መናወጥ ሚዛኑን ያዛባዋል። እጅግ ቀላል የሆኑት ከእርሳስ ነጻ ጥይቶች በማሸጊያቸው ላይ ትልቅ የፍጥነት ቁጥር ያስነብባሉ፤ ቁጥሩ ግን ለሻጩ እንጂ ለኢላማው የሚጠቅም አይደለም። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ290 ሜትር በታች እንዲሆን የሚያደርግ ክብደት መምረጥ አስተማማኝ መነሻ ነው። ከእርሳስ ነጻ ጥይት መጠቀም በሕግ ወይም በመተኮሻው ቦታ ደንብ ግዴታ ከሆነ፣ ብረቱ ከእርሳስ ስለሚጠነክርና ከአፈሙዙ ጋር በቀላሉ ስለማይላመድ፣ ብዙ ዓይነት መሞከርን ይጠይቃል።

በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራ ጠመንጃና ቀድሞ በታመቀ አየር የሚሠራ ጠመንጃ በጥይት ክብደት ረገድ ይለያያሉ። በሞላ በሚሠራው ውስጥ ፒስተኑ ወደ ፊት ተወንጭፎ አየሩን የሚጨምቀው ጥይቱ ገና ሳይንቀሳቀስ ነው። ጥይቱ ከልክ በላይ ቀላል ከሆነ ፒስተኑን የሚያቆመው የአየር ትራስ ስለሚሳሳ ፒስተኑ ከፊት ግድግዳ ጋር ይላተማል፤ ከልክ በላይ ከባድ ከሆነ ደግሞ ፒስተኑ በታመቀው አየር ተገፍቶ ወደ ኋላ ይነጥራል። ሁለቱም ጠመንጃውን ያናውጣሉ። በ4.5 ሚሊሜትር ካሊበር ከ0.45 እስከ 0.55 ግራም ባለው መካከለኛ ክብደት መጀመር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ቀድሞ የታመቀ አየር የሚጠቀመው ጠመንጃ ግን እንዲህ የሚወነጨፍ ከባድ ፒስተን ስለሌለው ሰፋ ያለ የክብደት ምርጫን ይታገሣል።

ቀጥሎ የጥይቱ ራስ ስፋት አለ። ካሊበሩ 4.5 ሚሊሜትር ቢባልም ጥይቱ በሚሸጥበት ቆርቆሮ ላይ 4.49፣ 4.50፣ 4.51 ወይም 4.52 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ይህ የመቶኛ ሚሊሜትር ልዩነት ለዓይን አይታይም፤ ኢላማው ላይ ግን ሊታይ ይችላል። በተራ ካሊፐር (ባለ መንጋጋ የስፋት መለኪያ) ለመለካት መሞከር ብዙም አይረዳም፤ መንጋጋው ለስላሳውን እርሳስ ስለሚጫነው ጥይቱ በልኬቱ ብቻ ይበላሻል። የተሻለው መንገድ ጥይቱን በአፈሙዙ ውስጥ ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ጠመንጃው እንዳልተሞላና ሞላው እንዳልተወጠረ ከተረጋገጠ በኋላ ጥይቱ ከኋላ ገብቶ፣ አፈሙዙን በማይቧጥጥ የማጽጃ ዘንግ ተገፍቶ በጫፉ በኩል ይወጣል፤ ከዚያም በማጉያ መነጽር ይታያል። በራሱ ዙሪያ ቀጭንና እኩል የሆኑ የመስመር ምልክቶች ከታዩ ስፋቱ ይስማማል። በራሱ ላይ ምንም ምልክት ከሌለ ጥይቱ ጠቧል፤ ምልክቱ በጥልቀት ተቀርጾ ከታየና ሲገፋም ከከበደ ሰፍቷል። ይህ ሙከራ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም፤ የማይሆኑትን አስቀድሞ ለማስወጣት ግን ይበቃል።

የመጨረሻው ፍርድ የሚገኘው ከተኩስ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አምስት ጥይት ተኩሶ፣ ስብስቡ ጠቦ ሲያይ ተደስቶ ቆርቆሮውን የሚመርጥ ሰው በአብዛኛው የመረጠው ዕድልን ነው። ምቶች በተፈጥሯቸው የተበታተኑ ናቸው፤ የተኩሱ ቁጥር ሲጨምር በሁለቱ ጽንፍ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀትም ይሰፋል። የአሥር ምት ስብስብ ከአምስት ምት ስብስብ፣ ጥይቱም ተኳሹም ሳይለወጡ፣ በአማካይ በሩብ ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ የአንዱን አምስት ምት ከሌላው አሥር ምት ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ፈተናው እንዲህ ቢካሄድ ይመረጣል። በቅርጽ፣ በክብደትና በራስ ስፋት የሚለያዩ ከአራት እስከ ስድስት ዓይነት ጥይቶች ይገዛሉ፤ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት የያዙ የናሙና ፓኮዎች ስላሉ ሙሉ ቆርቆሮ መግዛት ግዴታ አይደለም። ተኩሱ ንፋስ በሌለበት፣ በተቻለ መጠን ቤት ውስጥ፣ ከኋላው ጥይቱን የሚያስቀር ጠንካራ መቀበያ ባለበት ቦታ ይደረጋል፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ ለተኳሹም አጠገቡ ለሚቆመውም ግዴታ ነው፤ በ10 ሜትር የሚተኮስ እርሳስ ከጠንካራ ነገር ነጥሮ ሊመለስ ይችላልና። የታመቀ አየር ጠመንጃ በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደላድሎ ወይም በሞርሳ ተይዞ ሊተኮስ ይችላል። በሞላ የሚሠራው ግን በጠንካራ ነገር ላይ ሲያርፍ እየነጠረ ምቱን ያዛባል፤ ስለዚህ የፊት እንጨቱ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ብቻ አርፎ፣ ሰደፉም ሳይጨበጥ በትከሻ ላይ ደገፍ ብሎ፣ ጠመንጃው እንዳሻው እንዲያፈገፍግ መተው አለበት፤ በየምቱም አያያዙ አንድ ዓይነት መሆን ይገባዋል።

ከአንድ ዓይነት ጥይት ወደ ሌላው ሲታለፍ የመጀመሪያዎቹ አሥር ወይም አሥራ አምስት ምቶች አይቆጠሩም፤ በአፈሙዙ ውስጥ የቀረው የቀድሞው ጥይት እርሳስና ቅባት በአዲሱ እስኪተካ ድረስ ምቱ አይረጋጋም። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አራት የአምስት ምት ስብስቦች ይተኮሳሉ፤ ሆኖም አራቱን በተከታታይ ከመተኮስ ይልቅ ዓይነቶቹን እያፈራረቁ መተኮስ ይሻላል፤ አለበለዚያ ተኳሹ ትኩስ ሆኖ የተኮሰው ጥይት ደክሞት ከተኮሰው የተሻለ መስሎ ይታያል። ማፈራረቁ ግን በየጊዜው የማረጋጊያ ምት ስለሚጠይቅ፣ ጥይት ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው ፈተናውን በሁለት የተለያዩ ቀናት ከፍሎ በሁለተኛው ቀን ቅደም ተከተሉን ቢገለብጥ ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል። በታመቀ አየር ጠመንጃ የአየሩ ግፊትም በተመሳሳይ መጠን እንዲቆይ በየመሐሉ አየር መሙላት ያስፈልጋል።

ስብስቡ የሚለካው በጣም ከተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች የውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ሲሆን፣ ከዚያ ላይ የጥይቱ ስፋት 4.5 ሚሊሜትር ይቀነሳል፤ የሚቀረው ከመሐል እስከ መሐል ያለው ርቀት ነው። ከየዓይነቱ የሚወዳደረው የስብስቦቹ አማካይ እንጂ ከሁሉ የጠበበው አንዱ አይደለም። ብቻውን የወጣ ምት ቢኖር ሳይሰረዝ ይቆጠራል፤ ሊሰረዝ የሚችለው ተኳሹ ወረቀቱን ከማየቱ በፊት ቃታውን አበላሽቶ እንደሳበ ራሱ ከተናገረ ብቻ ነው። ስብስቡ ከኢላማው መሐል ወደ ግራ ወይም ወደ ላይ መውጣቱ ምንም አያሳስብም፤ እሱ በማነጣጠሪያው ይስተካከላል፤ መበተንን ግን ማነጣጠሪያ አያስተካክልም።

ምን ያህል ጥበት ይበቃል ለሚለው ጥያቄ የውድድሩ ኢላማ ራሱ መልስ ይሰጣል። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1984 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ነው፤ በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የኢላማው አሥር ቁጥር ስፋቱ 0.5 ሚሊሜትር የሆነ ነጥብ ነው። ጥይቱ ነጥቡን በጠርዙ ቢነካ አሥር ስለሚያዝለት፣ የጥይቱ መሐል ከኢላማው መሐል በ2.5 ሚሊሜትር ውስጥ ማረፍ ይበቃዋል ማለት ነው። እንግዲህ በክብ ልክ በ5 ሚሊሜትር ውስጥ የሚያርፉ ምቶች፣ ስብስቡ በኢላማው መሐል እስከዋለ ድረስ፣ ሁሉም አሥር ናቸው። ዛሬ ግን ውጤቱ በአስርዮሽ ስለሚቆጠርና ከፍተኛው 10.9 ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሩብ ሚሊሜትር የአንድ አስረኛ ነጥብ ዋጋ አለው። ለመዝናኛ የሚተኩስ ሰው ጠመንጃውና ጥይቱ ከ5 ሚሊሜትር የጠበበ ስብስብ ከሰጡት፣ ቀሪው ሥራ የራሱ ልምምድ ነው።

ጥይቱ ከተመረጠ በኋላ የሚመጣው ዝግጅት በዓይን ምርመራ ይጀምራል፤ በእኔ ግምት ከዝግጅቱ ሁሉ ለድካሙ የበለጠ ዋጋ የሚከፍለው ይህ ነው። ጥቂት ጥይቶች በነጭ ለስላሳ ጨርቅ ላይ በቀስታ ይፈስሳሉ፤ ከዚያም ምስር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ እየተገለበጡ ይታያሉ። የሚፈለገው ከንፈሩ የተቀጠቀጠ ወይም ሞላላ የሆነ፣ በራሱ ላይ ጭረት ወይም ትርፍ የእርሳስ ጠርዝ ያለበት፣ በባዶው የኋላ ክፍል ውስጥ የእርሳስ ፍርፋሪ የተጣበቀበት ጥይት ነው። በዚህ የተለዩት አይጣሉም፤ ለአፈሙዝ ማረጋጊያና ለቃታ ልምምድ ይውላሉ። የተቀጠቀጠ ከንፈርን በብዕር ጫፍ መልሶ ለማክበብ የሚጥሩ አሉ፤ ከንፈሩ ሲታይ ይከብባል፣ ውፍረቱ ግን አንድ ወጥ ሆኖ አይመለስም።

ራስና ከንፈርን አስተያይቶ ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ለስላሳ መስታወት በአንድ ጎኑ በትንሹ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥና ጥይቱ በጎኑ ተጋድሞ ከላይ ይለቀቃል። ከንፈሩ ከራሱ ስለሚሰፋ ጥይቱ በቀጥታ ሳይሆን በቅስት ይንከባለላል። አንድ ዓይነት የሆኑት ሁሉ ታች አንድ ቦታ ላይ ይደርሳሉ፤ ርቆ የሚሄደው ወይም እየዘለለ የሚንከባለለው ከሌሎቹ የተለየ መጠን ያለው ነውና ይነሣል።

መመዘንን በተመለከተ ብዙ ይወራል፤ ስሌቱ ግን ጉዳዩን በቦታው ያስቀምጠዋል። ጠመንጃው ለሁሉም ጥይት እኩል ኃይል ይሰጣል ብንል፣ ክብደቱ በ1 በመቶ የጨመረ ጥይት ፍጥነቱ በግማሽ በመቶ ይቀንሳል። በሴኮንድ 170 ሜትር የሚጓዝ ጥይት 10 ሜትር እስኪደርስ ወደ 18 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ያ የክብደት ልዩነት በመውረዱ ላይ የሚጨምረው ከ0.2 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ጥሩ የውድድር ጥይት በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ብዙ ስለማይለያይ፣ ለ10 ሜትር እያንዳንዱን ጥይት መመዘን ትዕግሥትን ከማስተማር በቀር ብዙ አይጠቅምም። በ50 ሜትር ግን ነገሩ ይለወጣል። በሴኮንድ 244 ሜትር የተነሣ ጥይት እዚያ እስኪደርስ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ስለሚወርድ፣ ያው የ1 በመቶ ልዩነት ወደ 3 ሚሊሜትር የሚጠጋ የከፍታ ስህተት ያመጣል። በዚህ ርቀት የሚተኩስ ሰው መመዘን ይገባዋል፤ ነገር ግን የግማሽ ግራም ጥይት 1 በመቶ 0.005 ግራም ብቻ ስለሆነ እስከ 0.01 ግራም ብቻ የሚያሳይ ሚዛን ልዩነቱን ከቶ አያየውም። እስከ 0.001 ግራም የሚያሳይ፣ ንፋስ በማይነካው ቦታ የተቀመጠና በየመሐሉ በታወቀ ክብደት የሚፈተሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ጥይቶቹም በየ0.005 ግራም በተለያዩ ሣጥኖች ይከፋፈላሉ፤ በአንድ ዙር ተኩስ ከአንድ ሣጥን ብቻ ይወሰዳል።

ማጠብ አስፈላጊ የሚሆነው ጥይቱ ጣት የሚያጠቁር ብናኝ ወይም የእርሳስ ፍርፋሪ ካለበት ነው። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርና ጥይቶቹ በማጥለያ ተደርገው ሳይጋጩ በዝግታ ይነከራሉ፤ በንጹሕ ውኃ ከታጠቡ በኋላ በፎጣ ላይ ተበትነው ሙሉ በሙሉ ይደርቃሉ። ማጥለያውም ፎጣውም ከዚያ ወዲያ ወደ ማዕድ ቤት አይመለሱም። የታጠበ እርሳስ መከላከያ ቅባቱን ስላጣ ቶሎ ይዝጋል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የያዘ ጥይት ካለ ሳይራገፍና ሳይፋቅ ይወገድ፤ ዱቄቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ መርዛማ ነውና። መልሶ በጣም ስስ ቅባት መቀባት በፈጣን የታመቀ አየር ጠመንጃ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ እንዳይለጠፍ ይረዳል። በሞላ ለሚሠራ ጠመንጃ ግን ቅባት ማብዛት አደገኛ ነው፤ ዘይቱ በጭመቃው ሙቀት ተቀጣጥሎ ፍጥነቱን ከምት ምት ያለያየዋል፣ የፒስተኑንም መድፈኛ ይጎዳል።

ሲሞላም ጥንቃቄው ይቀጥላል። አፈሙዙ በሚታጠፍ ጠመንጃ ጥይቱ በየጊዜው በእኩል ጥልቀት፣ ከንፈሩ ከአፈሙዙ ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ በአውራ ጣት ይገፋል፤ ወጣ ብሎ ከቀረ አፈሙዙ ሲዘጋ ከንፈሩን ይቀጠቅጠዋል፤ የዓይን ምርመራው ሁሉ ያኔ ከንቱ ይሆናል። ጣት በመዝጊያው መካከል በሚገባባቸው ጠመንጃዎች ደግሞ መወጠሪያውን በሌላው እጅ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል።

ጥይት በኪስ ውስጥ ተበትኖ አይያዝም፤ በአፍም አይያዝም። ቆርቆሮው እንዳይንኳኳ ከላይ ስፖንጅ ይደረግበታል፤ ሕፃናት በማይደርሱበት ደረቅ ቦታም ይቀመጣል። ከተኩስ በኋላ ከመብላት ወይም ፊትን ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

በመጨረሻ ቆርቆሮው ከማለቁ በፊት በጀርባው ወይም በጎኑ የታተመውን የምርት ቁጥር መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። ያው ፋብሪካ፣ ያው ስምና ያው የራስ ስፋት የያዘ ቆርቆሮ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቅርጽ ማውጫ ተመርቶ ከሆነ ለዚያ አፈሙዝ እንግዳ ጥይት ሊሆን ይችላል። የውድድር ተኳሾች ጠመንጃቸውን በሞርሳ አሳስረው የተለያዩ የምርት ቁጥሮችን ከፈተኑ በኋላ፣ የተስማማቸውን ቁጥር ለረጅም ጊዜ የሚበቃ አድርገው የሚገዙት ለዚህ ነው። ያን ያህል መግዛት የማይችል ሰው ደግሞ ከአሮጌው ቆርቆሮ ጥቂት አስተርፎ፣ አዲሱን ከእርሱ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታና በአንድ አያያዝ አስተያይቶ ይፈትናል።